የአንድ ሰዓት በረራ ወደ ቡና አገር

ስለ አይሮፕላን ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያነሣው ረጅሙን ጉዞ ነው። ወደ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፥ ወደ ቻይና የሚሄደው አይሮፕላን ስንት ሰው እንደሚይዝ አሳምሮ የሚነግርዎት ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ጅማ ስለሚያደርሰው አይሮፕላን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለዚሁ ስለ አጭሩ በረራ ነው። አጭሩ በረራ የትልቁ ታናሽ ወንድም መስሎ ይታያል እንጂ፥ ነገሩን ጠጋ ብለው ቢመረምሩት የአየር መንገዳችን ትምህርት ቤት እሱ ሆኖ ያገኙታል።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ ጥቂት እንናገር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው የመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአየር ቀጥ ብሎ ቢለካ ግን 260 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ልዩነቱን ያመጡት ተራራውና ሸለቆው ናቸው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ በረሓ ይወርዳል፤ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ዝቅ ይላል። ከዚያም በአበልቲ በኩል ዳገቱን ይዞ እንደ ገና ሽቅብ ይወጣና በሰኮሩ፥ በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርጎ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከጅማ ይገባል። እንግዲህ በአገራችን የመንገድ ድካም የሚለካው በርዝመቱ ብቻ አይደለም፤ በቁልቁለቱና በዳገቱም ጭምር ነው። አይሮፕላን ለእኛ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ይህን ገደል በላዩ ማለፉ ነው።

ይህንንም ነገር የአየር መንገዳችን መሥራቾች ገና ከጅምሩ ተረድተውት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋራ በተደረገው ስምምነት መሠረት በመጀመሪያ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ጅማ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መስመሮች አንዷ ሆነች። ለምን ጅማ ቢሉ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማና የቡና ገበያ ነበረች፤ ቡና ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ገንዘብም ባለበት መንገደኛው አይጠፋም።

ያን ጊዜ የሚበርረው አይሮፕላን ሲ-47 ይባል ነበር። ይህም ዲሲ-3 የተባለው የመንገደኛ አይሮፕላን ለጦር ሠራዊት ዕቃ ማመላለሻ እንዲሆን ተለውጦ የተሠራ ወንድሙ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በብዙ አገር አየር መንገዶች እጅ ገባ፤ የእኛም አየር መንገድ ሥራውን የጀመረው በአምስት እንዲህ ባሉ አይሮፕላኖች ነበር። በውስጣቸው ያለው መቀመጫ እንደ ዛሬው በረድፍ የተደረደረ አልነበረም። በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ ዕቃው በመካከል ይጫናል። መንገደኛው ከጭነቱ ጋራ ፊት ለፊት እየተያየ ይጓዝ ነበር ማለት ነው።

ዲሲ-3 ሁለት ሞተር አለው፤ እያንዳንዱም 1,200 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሦስተኛዪቱ ጎማ በጅራቱ ሥር ያለች ትንሽ ጎማ ስለ ሆነች መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫውን ወደ ሰማይ ያቀናል። ዋናው ጠባዩ ግን አለመመረጡ ነው። አስፋልት ካልተነጠፈልኝ አይልም፤ በሣር ሜዳም ያርፋል፥ ከሣር ሜዳም ይነሣል። ስለዚህ መኪና በደንብ ሳይደርስባቸው በፊት አይሮፕላን የደረሰባቸው ከተሞች በአገራችን ብዙ ናቸው። ሚዛን ተፈሪ፥ ቴፒና ጎሬ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ቡናቸውም መንገድ እስኪወጣላቸው ድረስ በዲሲ-3 ሆድ ውስጥ ተጭኖ ይወጣ ነበር። በሌላው ዓለም በመጀመሪያ መንገድ ተሠራ፥ ቀጥሎ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፥ በመጨረሻ አይሮፕላን መጣ። በቡናው አገር ግን አይሮፕላኑ ቀድሞ መንገዱ ተከተለ።

አሁን ትምህርት ቤት ያልሁበትን ምክንያት ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ1957 አለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ ያዘዙትም አይሮፕላን ይኸው ዲሲ-3 ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን በቁ፤ እርሳቸውም ያዘዙት ዛሬ በአገር ውስጥ የሚመላለሰውን ኪው-400 የተባለውን አይሮፕላን ነበር። በአለማየሁና በአምሳለ መካከል 53 ዓመት አለ። ሁለቱም ወደ አለቃው ወንበር የወጡት ባለ ፕሮፔለሩን አይሮፕላን ይዘው መሆኑን ልብ ይበሉ። አንድ ወጣት አብራሪ በረጅሙ ጉዞ በአሥራ አምስት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ይነሣል፥ አንድ ጊዜ ያርፋል። በአጭሩ መንገድ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይነሣል፥ ብዙ ጊዜም ያርፋል። ደመናውን፥ ነፋሱንና ተራራውን በቅርብ የሚያውቀው እንዲህ ሲመላለስ ነው።

ይህ ኪው-400 በካናዳ የተሠራ ሲሆን ሙሉ ስሙ ዳሽ 8-400 ነው። «ኪው» የሚለው ፊደል በእንግሊዝኛ ጸጥታን ከሚያመለክተው ቃል የተወሰደ ነው፤ ንዝረቱንና ጩኸቱን የሚቀንስ መሣሪያ ስላለው እንዲህ ተባለ። የእኛ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፤ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ብዙ መንገደኛ ፕሮፔለሩን ሲያይ «ይህስ የድሮ አይሮፕላን ነው» ብሎ ቅር ይለዋል። ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ ያለው እንደ ጄቱ ያለ ሥራ ነው። አየሩን ይስባል፥ ይጨምቃል፥ ከነዳጅ ጋራ ያቃጥላል። ልዩነቱ ከቃጠሎው የሚገኘውን ኃይል ወደ ኋላ በመልቀቅ ፈንታ አብዛኛውን ባለ ስድስት ክንፉን ፕሮፔለር ለማሽከርከር ማዋሉ ነው። እያንዳንዱ ሞተር 5 ሺህ ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሁለቱ ድምር ከዲሲ-3 ሁለት ሞተሮች አራት እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ለአጭር መንገድ ጄቱ ለምን አይመረጥም ይሉ ይሆናል። ጄት ነዳጁን የሚቆጥበው ወደ 10 ወይም 11 ሺህ ሜትር ወጥቶ በዚያ ስስ አየር ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሲሄድ ነው። ወደ ጅማ ሲበር ያን ያህል ልውጣ ቢል ገና ሳይደላደል መውረጃው ይደርስበታል። ፕሮፔለር ያለው ግን ዝቅ ባለው አየር ውስጥ ሥራውን በደስታ ይሠራል፤ መንደርደሪያውም አጭር ቢሆን አይቸገርም። በተለይ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አምስተኛ እጁ ያህል ይጎድላል። ስስ አየር ለክንፉም ለሞተሩም ይሰስታል፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረዘም ያለ መንደርደር ያስፈልገዋል።

አሁን እንሣፈር። ትኬት ሲቆርጡ የመስኮት ወንበር ይለምኑ። የኪው-400 ክንፍ ከመስኮቱ በላይ የተሠራ ስለ ሆነ ምድሩን አይጋርድብዎትም። በሞተሩ አጠገብ ቢቀመጡ አይሮፕላኑ መሬት እንደ ለቀቀ ጎማዎቹ ታጥፈው ወደ ሞተሩ ቤት ሲገቡና መዝጊያው ሲገጠም በዓይንዎ ያያሉ። ለአይሮፕላን ወዳጅ ከዚህ የበለጠ ግብዣ የለም።

ቀኑ ጥርት ያለ ከሆነ በግራ መስኮት ዝቋላ ብቻውን ተቀምጦ ይታያል፤ በቀኝ የወጨጫ ተራራ ያልፋል። ጥቂት ቆይቶም በዚያው በቀኝ በኩል በአናቱ ሐይቅ የያዘው የወንጪ ተራራ ብቅ ይላል። ከታች የጤፍ ማሳው እንደ ተጣፈ ልብስ ተዘርግቷል። የእንሰቱ አረንጓዴ ቤቶቹን ከቦ ሲታይ ወደ ጉራጌ አገር መድረስዎን ያውቃሉ። ወልቂጤ አጠገብ ሲደርሱ የአየሩ መንገድ ከእኩሌታው ላይ ነው። ከዚያ ምድሩ ባንድ ጊዜ ይሰነጠቅና ጊቤ በሸለቆው ውስጥ እንደ ክር ይታያል። ያን ቁልቁለትና ዳገት አውቶቡስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚታገለው ለሚያውቅ ሰው በጥቂት ደቂቃ ሲያልፈው አለመደነቅ አይቻልም። ወዲያው በግራ በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ እያበራ ይመጣል። አስተናጋጇ ያቀረበችልዎትን ጠጥተው ሳይጨርሱ «ወንበርዎን ያቅኑ» ይባላሉ፤ አይሮፕላኑ መውረድ ጀምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ እልዎታለሁ። ወደ ቡና አገር መጥተዋል፤ ነገር ግን ከላይ ሆነው ቡና አያዩም። የሚታየው ጫካ ነው። ቡናው ከሰሳው፥ ከዋንዛውና ከብሳናው ጥላ ሥር ተደብቆ ይበቅላል። በዓለም ሁሉ የታወቀው የአገራችን ሀብት ከሰማይ ሲታይ የለም ማለት ነው። አይሮፕላን የአገሩን መልክ ያሳያል እንጂ የአገሩን ሥራ አያሳይም። ስለዚህ የጅማ በረራ የጉዞው መጨረሻ ሊሆን አይገባውም፤ መጀመሪያው ነው።

የማረፊያው ስም አባ ጅፋር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ተሰይሟል። ከከተማው ጋራ የተያያዘ ያህል ቅርብ ስለ ሆነ ባጃጅ ይዘው በጥቂት ደቂቃ መሐል ጅማ ይደርሳሉ። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የንጉሡን ቤተ መንግሥት ሳያዩ እንዳይመለሱ። ከከተማው ወጣ ብሎ በመልኮ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ደግሞ ለቡና ትልቅ ባለ ውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ የምርምሩ ሰዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካው ፈልገው አራቡ። ዛሬ ገበሬው 74110 ወይም 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች በዚያ ፍለጋ የተገኙ ናቸው፤ 74 የተመረጡበትን ዓመት እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ አጋሮ ይደርሳሉ። በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ትላለች፤ በከፋ ያለችው ማንኪራ ደግሞ የለም እኔ ነኝ ትላለች። እኛ በሁለቱ መካከል ገብተን አንፈርድም፤ ከሁለቱም ጠጥተን እንሄዳለን። ለብዙ ጊዜ የዚህ አገር ቡና በውጭ ገበያ «ጅማ 5» በሚለው የደረጃ ስም ተራ ቡና ሆኖ ይሸጥ ነበር። ቡናው መጥፎ ስለ ሆነ አልነበረም፤ አለቃቀሙና አደራረቁ ስላጎሳቆለው ነው። ቆይቶ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው እሸት ቡና ማጠቢያ ተከሉ፤ ቀዩን ፍሬ ብቻ እየመረጡ መልቀም፥ በአልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ዱሮሚና የተባለው የአጋሮ አካባቢ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ሆነ። ይህ ሲሆን ቡናው እንደ ቀድሞው በከባድ መኪና ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ቀምሶ የሚገዛው ሰው ግን በአይሮፕላን ይመጣል። ቀማሹ ጧት አዲስ አበባ ቁርሱን በልቶ ከሰዓት በኋላ አጋሮ ካለው የማጠቢያ ጣቢያ ሊቆም የሚችለው አጭሩ በረራ ስላለ ነው።

ይሁን እንጂ ስለ አጭሩ በረራ ስንናገር ሒሳቡንም በሐቅ መሥራት ይገባናል። በረራው አንድ ሰዓት ቢባልም ከቤት እስከ ቦሌ ያለው የመኪና ግፊያ፥ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረሱና ፍተሻው ሲደመር አራት ሰዓት ያህል ይሆናል። አውቶቡሱ በማለዳ ተነሥቶ ሰባት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ትርፉ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ይህን ሦስት ሰዓት ለመግዛት እንደ እኔ ያለ መምህር ከወር ደመወዙ ከበድ ያለ ድርሻ መክፈል አለበት። ዋጋውም የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። አይሮፕላን ከሁሉ የበለጠ ነዳጅ የሚፈጀው ሲነሣና ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ አጭሩ በረራ ደግሞ አብዛኛው መውጣትና መውረድ ነው። የጎማውና የአካሉ ዕድሜም የሚቆጠረው በሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሣና ባረፈ ቁጥር ነው። ስለዚህ ለታመመ ዘመዱ ወደ አዲስ አበባ ለሚሮጥ ሰው ሦስት ሰዓት ነፍስ ሊሆን ይችላል፤ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ለሚሄድ ተማሪ ግን አውቶቡሱ ይበቃዋል።

በሌላው ዓለም ስለ አጭር በረራ የሚደረገው ክርክር ከእኛ የተለየ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ የሚደረስባቸውን አንዳንድ የአገር ውስጥ በረራዎች ከለከለች፤ ምክንያቱም ለአየሩ ንጽሕና ሲባል ነው። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ደግሞ በዌስትሬይና በፓፓ ዌስትሬይ መካከል በዓለም ከሁሉ አጭር የሆነው መደበኛ በረራ አለ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል። ይህን የሚከለክል ግን የለም፤ በመካከላቸው ባሕር አለና። እኛ ደግሞ በአዲስ አበባና በጅማ መካከል ባቡር የለንም፤ በባሕሩ ፈንታም ጊቤ አለን። ስለዚህ አጭር በረራ ክፉ ነው ወይስ ደግ ነው ብሎ በደፈናው መፍረድ አይቻልም፤ በመካከሉ ያለውን ምድር አይቶ ነው።

ዜናውም ለዚህ ለአጭሩ በረራ የሚያገባው ብዙ ነገር አለው። የኪው-400 ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ አይሮፕላን መሥራቱን አቁሟል፤ ያሉት ዕድሜያቸው ሲገፋ የሚተካቸውን መፈለግ ግድ ይሆናል። በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ የታቀደው ታላቅ የአይሮፕላን ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። ይህ ለአገር ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን አሥራ አምስት ሰዓት ለሚበርር ሰው 40 ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ቢጨመር ምንም አይደለም፤ አንድ ሰዓት ለሚበርረው የጅማ መንገደኛ ግን ያተረፈው ጊዜ ሁሉ በዚያ ያልቃል። እንግዲህ በእኔ አሳብ ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ ቢቀመጥ መልካም ነው። በመቱና ጎሬ አካባቢ፥ እንዲሁም በሚዛን አማን አዲስ ማረፊያ እንዲሠራ መወሰኑም በቅርብ ዓመታት ተነግሯል። ዲሲ-3 ትቶት የሄደው የቡና አገር እንደ ገና የሞተር ድምፅ ሊሰማ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ አይሮፕላኑ የመጣው መንገድ ስላልነበረ ነው፤ አሁን ግን መንገዱ አለና ትኬቱ የብዙ ሰው ካልሆነ በቀር ሰው ዕለት ዕለት አይፈልገውም።

ውድ አንባቢ፤ አቅምዎ ከፈቀደ ምክሬ ይህ ነው። ሲሄዱ በአውቶቡስ ይሂዱ፤ ሲመለሱ በአይሮፕላን ይመለሱ። በአውቶቡሱ ሰዉን ያውቁታል፥ በአይሮፕላኑ ምድሩን ያውቁታል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። ሲመለሱ ግድቡ በቀኝ፥ ወንጪ በግራ እንደሚሆን አይርሱና መስኮትዎን አስቀድመው ይምረጡ። ከአጋሮም አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ይዘው ይመለሱ። በሲ-47 ዘመን መንገደኛውና ጭነቱ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር፤ ዛሬ ቦርሳዎን ከፊትዎ ካለው ወንበር ሥር ያስቀምጡታል። ሽታው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ጊቤን ሳያልፉ ጎረቤትዎ «ከየት ገዙት?» ብሎ ይጠይቅዎታል።